ማንን ልጥራልዎት?

ሰው ሲያስተምረኝ አልወድም። ይህን ከፊት መናገሬ ይሻላል፤ ምክንያቱም እማማ ዓለምነሽ የሚባሉ የቀጨኔ ሴት ዓመት ሙሉ የጠበቁትን የዓይን ሕክምና ተራ ሊያጡ የነበረው በዚሁ ጠባዬ ሰበብ ነው። ያኔ በመልክም በስምም አላውቃቸውም። ለእኔ ከመቶ አራት ስሞች አንዱ ነበሩ፤ በኋላ ደግሞ ያም ቀረ።

ሙኒያ ሸፊ እባላለሁ። ጳውሎስ አካባቢ፣ አንድ ፎቅ ሦስተኛው ላይ ባለ ትንሽ የዓይን ክሊኒክ ውስጥ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራዬን የበላሁት ፒኤችፒ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ወጣቶቹ ስሙን ስጠራ ፈገግ ይላሉ። ይበሉ። ፒኤችፒ ነገር አያካብድም፤ የሌለ ነገር ብትጠይቂው ባዶ እጁን ያሳይሽና ሥራውን ይቀጥላል፣ ቁጥርና ፊደል ብትደባልቂበት እንደምንም ያስታርቃቸዋል። ምንም ስለማይናገር ሁሉን ነገር መቁጠርና መቆጣጠር ያንቺ ፋንታ ነው። እኔም ስቆጥር ኖሬያለሁ።

ዓምና የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሩ ቀጠሮውም ወረፋውም ወደ ስልክ መተግበሪያ ይዛወር አሉ። አዲሱ ሥራ ኮትሊን በሚባል ቋንቋ እንዲጻፍ ተወሰነና፣ እሱን የምታውቅ ሃዊ የምትባል የሃያ አራት ዓመት ልጅ ከጎኔ ተቀመጠች። ቤተሰቦቿ ከሱሉልታ መጥተው ጉለሌ የከተሙ ናቸው። በአንድ ጆሮዋ ከእናቷ ጋር በኦሮምኛ እያወራች፣ በጣቷ ስክሪኔ ላይ ስህተቴን ታሳየኛለች። ከዚህ የበለጠ የሚያናድድ ነገር አላየሁም፤ ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል ናት።

ሁለተኛ ቋንቋ መማር ከመጀመሪያው ይቀላል ይላሉ። ውሸት ነው፣ ቢያንስ ለእኔ። ጀማሪ ባዶ እጁን ይመጣል፤ እኔ ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት ተሸክሜ ነው የመጣሁት። ፒኤችፒ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ፊት የዶላር ምልክት ይቀመጣል፤ ኮትሊን ላይ አይቀመጥም። ጣቴ ግን አልሰማ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያለ ቦታው እያስቀመጥኩ ስሰርዝ ከረምኩ። ሐሳቡ ገብቶኛል፣ እጄ ነው እምቢ ያለው።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የኮትሊን ንዝንዝ ነበር። ይህ ቋንቋ ሊጎድል የሚችል ነገር ባየ ቁጥር ቀይ መስመር አስምሮ ይጠይቃል። የታካሚው ስልክ ቁጥር ትያለሽ፣ ከሌለስ? ይላል። የአባት ስም፣ ከሌለስ? የመጨረሻ ቀጠሮ፣ ከሌለስ? መልስ ካልሰጠሽው ሥራው አይነሳም። ከንዝንዙ የሚያመልጡበት አንድ በር አለ፤ ከነገሩ ኋላ ሁለት ቃለ አጋኖ ታደርጊያለሽ፣ “እመነኝ፣ አለ” እንደማለት ነው። እኔ በሩን አገኘሁና ቤቴ አደረግኩት።

አንድ ቀን ሃዊ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

“ሙኒዬ፣ ስንት ቦታ እመነኝ እንዳልሽው ታውቂያለሽ?”

“ስንት?”

“አርባ ሦስት።”

“አርባ ሦስት ጊዜ ቢጠይቀኝ ነዋ።”

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አመሻሽ ላይ ቤቴ ስደርስ ግን አርባ ሦስቱን እያሰብኩ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም “ከሌለስ?” ብሎኝ አያውቅም። በማግስቱ አንድ በአንድ እያፈረስኩ እውነተኛ መልስ እጽፍላቸው ጀመር። በአንድ ወር ውስጥ ዐሥራ አንድ ብቻ ቀሩ። እውነቱን ለመናገር ደስ እያለኝ መጣ። ቀይ መስመሩ ሲጠፋ የታጠበ ሰሃን መደርደሪያ ላይ የማስቀምጥ ያህል ልቤ ይረጋል።

እንግዲህ ስህተቱ የመጣው ሳልችል ሳይሆን ችያለሁ ስል ነው።

ክሊኒካችን በየዓመቱ በየካቲት አንድ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ አቅም ለሌላቸው የዓይን ሞራ በነጻ ይገፍፋል። ዓመቱን ሙሉ ስም ይመዘገባል፤ ከሳምንቱ በፊት ባለው ሐሙስ ፕሮግራሙ “ቀንዎ ይህ ነው፣ ይምጡ” የሚል መልእክት በስልክ ይልካል። በዚያ ሳምንት ያልመጣ ሰው እስከሚቀጥለው የካቲት ይጠብቃል። ሞራ የጋረደው ዓይን ላለው ሰው ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካርድ ክፍል ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ያውቀዋል፤ በግድግዳ እየተደገፉ ነው የሚመጡት።

ዝርዝሩን ወደ አዲሱ ፕሮግራም ማዛወር የእኔ ድርሻ ነበር። በአሮጌው ላይ፣ አንድ ሰው ሁለቴ እንዳይጠራ እየለየ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የጻፍኩት አርባ መስመር የሚሆን የተጠላለፈ ነገር ነው። ኮትሊን ላይ ግን አንዲት ትእዛዝ አለች። ዝርዝሩን ትሰጫታለሽ፣ “በምን ልለያቸው?” ትላለች፣ “በስልክ ቁጥር” ትያታለሽ፣ አለቀ። አርባው መስመር አንድ ሆነ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ሃዊን ጠርቼ አሳየኋት።

“ያምራል” አለች። ከዚያ ወደ አሮጌው ኮድ ጠቆመች። ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ለራሱ ወይም ለሚተካው ሰው ማስታወሻ ይተዋል፤ ማሽኑ አያነበውም፣ ሰው ነው የሚያነበው። “እዚህ ጋ በአማርኛ የጻፍሽው ማስታወሻ አለ። አየሽው?”

“እኔ የጻፍኩትን እኔ አላውቀውም?” አልኳትና አርባውን መስመር ከነማስታወሻው ደመሰስኩት።

ኮትሊን ምንም አላለም። አንዲትም ቀይ መስመር የለችም። መልእክቶቹ ሐሙስ ዕለት ሄዱ፤ እኔም ሻይ ጋበዝኳት።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ሳምንቱ ሲጋመስ፣ ካርድ ክፍል የምትሠራው አስቻለች ወደ ክፍላችን ብቅ አለች። አስቻለች ኮምፒውተር አታምንም፤ የምትመዘግበውን ሁሉ በጥቁር መዝገብም ትጽፋለች። ስንት ጊዜ ቀልጄባታለሁ።

“ሙኒያ፣ ዘንድሮ ሰው ምን ነካው? በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰው እየጎደለብኝ ነው። ዶክተሩም ለምን አልጋ ባዶ ይውላል እያሉ ነው።”

“ቀርተው ይሆናላ።”

“ዓመት የጠበቀ ሰው ይቀራል እንዴ? እኔ የጻፍኩት መቶ አራት ነው።”

ስክሪኔ ላይ ቆጠርኩ። ዘጠና አምስት ይላል። ደግሜ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ሰው የለም።

የደመሰስኩት ነገር ቅጂ ስለነበረው ወደኋላ ሄጄ አወጣሁትና ያንን ማስታወሻ አነበብኩ። በእኔው አነጋገር፣ በእኔው ቁጣ የተጻፈ ነው። “ይህን አትንኪው። ስልኩ የሱቅ ወይም የጎረቤት ሊሆን ይችላል። ስልክ ቁጥር ሰው አይደለም።”

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው። የእኛ ሰው ስልክ ከሌለው የሱቁን ቁጥር ይሰጣል። ሁለት ሰው አንድ የሱቅ ቁጥር ሲያስመዘግብ፣ በስልክ ለዪ የተባለችው ያቺ ትእዛዝ የመጨረሻውን ይዛ የፊተኛውን ትጥላለች። ሥራዋ ነው፣ አጥፍታ አይደለም። በስልክ ለዪ ያልኳት እኔ ነኝ።

ያን ማታ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ፒኤችፒ ዝም ስለሚል እቆጥር ነበር። ኮትሊን ስለሚናገር መቁጠር ተውኩ። ንዝንዙን ስጠላ ቆይቼ፣ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ደህና ነው ብዬ አመንኩ። ቋንቋው የሚጠይቀው ስለጎደለ ነገር ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ቁጥር መያዙን አይጠይቅም፣ አያውቅምም። ያን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ከዘጠኙ ስምንቱን ረቡዕ እስክንወጣ ድረስ ሃዊ፣ አስቻለችና እኔ እየደወልን አገኘናቸው፤ ዶክተሩም ሐሙስና ዓርብ ላይ እንዲሸጋሸጉ ፈቀዱ። ስለ ጥፋቴ የተናገሩኝን እዚህ አልጽፍም፣ ተገቢ ነበር። አንዷ ቀሩ። ዓለምነሽ ደምሴ፣ ቀጨኔ፣ ሁለቱም ዓይን። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ዓርብ ለመሠራት ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መጥተው ዓይናቸው መለካት ነበረበት። ከዚያ ካለፈ ዓመት ነው።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ስልኩ ተነሳ። የሴት ድምፅ ነው።

“ሄሎ፣ ማንን ልጥራልዎት?”

ይህን አጠራር አውቀዋለሁ። አባቴ አዲሱ ገበያ ሱቅ ነበረው። ለሰፈሩ ሁሉ የምታገለግለው ባንኮኒው ላይ የተቀመጠች አንዲት ግራጫ ስልክ ብቻ ነበረች። ስትጮህ አባቴ አንስቶ “ሄሎ፣ ማንን ልጥራልዎት?” ይላል፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ስም ይነግረኛል፣ እኔ እሮጣለሁ። የሰዎቹን በር አንኳኩቼ “እትዬ፣ ስልክ!” እላለሁ። እስኪመጡ ድረስ እጀታው ባንኮኒው ላይ ተጋድሞ ይጠብቃል፣ አባቴም ማንም እንዳይነካው ይቆማል። ከስምንት እስከ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ሥራዬ ይኸው ነበር። ማስታወሻውን የጻፍኩት ያንን ስለማውቅ ነው። የደመሰስኩትም ያንኑ ነው።

“ሄሎ?” አለች ሴትየዋ።

“እ... እማማ ዓለምነሽን ፈልጌ ነበር። ከዓይን ክሊኒክ ነኝ።”

“አሁን ነው የምትደውሉት? በየቀኑ እየመጡ ‘ረሂማ፣ መልእክቴ አልመጣም?’ ይሉኛል። እኔ አልመጣም እያልኩ እመልሳቸዋለሁ። አቶ ዋቅጋሪ በዚሁ በኔ ቁጥር ከሳቸው በኋላ ተመዝግበው የእሳቸው መጣ፣ ሰኞ ሄደው ተሠሩ። እማማ ዓለምነሽ ከትናንት ወዲያ መጥተው ‘በቃ እኔን ትተውኛል’ ብለው ሄዱ። ዛሬ ብቅም አላሉ።”

“ልትጠሪልኝ ትችያለሽ? ዛሬ ከዘጠኝ በፊት መምጣት አለባቸው።”

“እህቴ፣ ብቻዬን ነኝ። ትናንት ሙሉ ቀን ለቅሶ ሄጄ ዘግቼ ነው የዋልኩት፣ አሁን ደግሞ ዕቃ እያወረዱልኝ ነው። ዳገቱን ወጥቶ መመለስ ለእኔ ግማሽ ሰዓት ነው።”

“ተዪው፣ እኔ እመጣለሁ” አልኩ።

ሃዊ ቀና ብላ አየችኝና ቦርሳዬን አቀበለችኝ።

ታክሲው ከመንገዱ ጫፍ ሊያልፍ አልቻለም። የረሂማ ሱቅ የሁለት ሰው ስፋት ያላት ቆርቆሮ ቤት ናት። ሚዛኑ አጠገብ የሳሙና ካርቶን ክዳን በምስማር ተሰቅሏል፤ በእስክሪብቶ ስሞች ተጽፈውበታል። ዐሥራ አራት ሰው። አንዳንዱ ስም ጎን ምልክት አለ፤ ከእማማ ዓለምነሽ ጎን “ከቧንቧው በላይ፣ አረንጓዴ በር፣ ጮክ ብለሽ ጥሪ” ይላል።

“ይህ ምንድነው?” አልኳት፣ ባውቅም።

“ቁጥሬን የሰጡ ሰዎች ናቸዋ። እንዳይምታታብኝ።”

ኮትሊን ለመማር አራት ወር ፈጅቶብኛል። ረሂማ በካርቶን የሠራችውን መሥራት አልቻልኩም። ስልኬን አውጥቼ ካርቶኑን ፎቶ አነሳሁት፤ ግራ ገብቷት ታየኛለች።

ዳገቱን ሦስት ቦታ እየቆምኩ ወጣሁት። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የምውለውም ወንበር ላይ ነው። ከቧንቧው በላይ፣ አረንጓዴ በር። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ግቢው ላይ አንዲት አሮጊት ዱካ ላይ ተቀምጠው የሸክላ ድስት በጠጠር ያለሰልሳሉ። ወደ ድስቱ አያዩም፤ ፊታቸው ወደ በሩ ነው፣ እጃቸው ብቻ ይሠራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትዝ አለኝና ጮክ አልኩ።

“እማማ ዓለምነሽ! ስልክ!”

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስልክ አልነበረም። አፌ የሚያውቀውን አለ።

እጃቸው ቆመ። “የማን ነሽ?”

ቀረብኩና ነገርኳቸው። ከክሊኒኩ እንደሆንኩ፣ ተራቸው እንዳላለፈ፣ አሁኑኑ አብረን መሄድ እንዳለብን። ከድስቱ ላይ ጭቃውን በቀሚሳቸው ጫፍ እየጠረጉ ረጋ ብለው ሰሙኝ።

“ዋቅጋሪ ከኔ ኋላ ነው የተጻፈው። እሱን ጠርተው እኔን ለምን ተዉኝ? ቂም የለኝም፣ ጎረቤቴ ነው። ግን ለምን?”

“ማሽኑ ነው፣ እማማ። አንድ ስልክ የአንድ ሰው ነው ብሎ እርስዎን ጣለ።”

“እንደዚያ ነው ብሎ ማን ነገረው?”

የጠየቀችኝ ሃዊ ብትሆን፣ ዶክተሩ ቢሆኑ፣ የምለው አላጣም ነበር። ስለ ትእዛዟ፣ ስለ ጊዜ ማጠር፣ ስለ አዲስ ቋንቋ። እሳቸው ፊት ግን አንድ ቃል ብቻ ነበረኝ።

“እኔ” አልኩ።

ዓይናቸው በሞራ ነጥቷል፣ እንደማያዩኝ አውቃለሁ። እንደዚያም ሆኖ መሬት መሬት አየሁ። አፍሬ ነበር። ስለ ሥራዬ አፍሬ አላውቅም፤ ያን ቀን አፈርኩ።

“እሺ” አሉ በመጨረሻ። “ነጠላዬን ከውስጥ አምጪልኝ፣ ከአልጋው ራስጌ ነው። ክንድሽን ትሰጪኛለሽ፣ ዳገቱን መውጣት አይደለም፣ መውረዱ ነው የሚያስፈራኝ።”

ቀስ ብለን ወረድን። እያንዳንዱን ድንጋይ በእግራቸው እየዳሰሱ፣ እኔ “እዚህ ጋ ዝቅ ይላል” እያልኩ። ክሊኒኩ የገባነው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አስቻለች በጥቁሩ መዝገብ ላይ ከስማቸው ጎን ምልክት አደረገች፤ ትቀልድብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልቀለደችም። ዓርብ ቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። ቅዳሜ ጠዋት ፋሻው ሲፈታ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ነርሷን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አዩኝ። “እንደምን አደሩ፣ እማማ?” አልኳቸው።

“አንቺ ነሽ የመጣሽው?” አሉ ድምፄን ሲሰሙ። “እኔ እኮ ስትጣሪ የሰፈር ልጅ መስለሽኝ ነበር።”

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። መደበቅ አያስፈልገውም።

ሰኞ ዕለት ያቺን አንድ መስመር ነቅዬ ጣልኳት። አርባውን መስመር ግን አልመለስኩም። የካርቶኑን ፎቶ ከስክሪኔ ጎን ከፍቼ፣ ሃዊን አስተምሪኝ አልኳት። ይህን ቃል ከአፌ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደግነቱ ነገሩን አላከበደችውም። አብረን ሠራነው። አሁን ለአንድ ስልክ የፈለገውን ያህል ሰው ይያዛል፤ እያንዳንዱ ሰው ጋ ደግሞ “ማን ይጠራል” እና “ቤቱ የት ነው” የሚል ቦታ አለ። ማሽኑ ስንት ሰው እንደገባና ስንት እንደወጣ ይቆጥራል፣ ካልገጠመ ይቆማል። እኔም እንደገና በእጄ እቆጥራለሁ።

ጽፌ ስጨርስ ቀይ መስመር ብቅ አለች። ስልኩ፣ ከሌለስ? የሚጠራው ሰው ስልክ አልኩት። እሱስ ከሌለ? ሁለት ቃለ አጋኖ ለማድረግ ጣቴ ሄዶ ነበር፤ ያዝኩት። ትንሽ አሰብኩና አንድ መልስ ጻፍኩለት። ቀዩ መስመር ጠፋ። ሃዊ ጎንበስ ብላ አነበበችው፣ ምንም ሳትነካው ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ለተራው ቀጠሮም ተጠቀምንበት፤ ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት በአስቻለች ስክሪን ላይ ስልክ የማይደርሳቸው ሰዎች ስም ይወጣል፤ ከጎኑ ያ መልስ አለ። “ሰው ይሂድ” ይላል። አስቻለች ወረቀቱን አትማ ታመጣልኛለች። ባለፈው ሐሙስ ሦስት ስም ነበር፣ ሁለቱ ቀጨኔ፣ አንዱ ከአዲሱ ገበያ በላይ። ከጠረጴዛዬ ሥር የማስቀምጠውን ጠፍጣፋ ጫማ አድርጌ ወጣሁ።